ሳልቪኒያን በማሽን መዛቅ ወይስ በነቀዝ ማስበላት?
ከብራዚል የመነጨው ተንሳፋፊው አረም ሳልቪኒያ በ2003 እ.ኤ.አ. በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት የሚገኘውን የዊልሰን ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ለማለት በሚያስደፍር መጠን በሸፈነው ጊዜ፣ የተመረጠው መንገድ በማሽን መዛቅና ፀረ አረም መርጨት ነበር። ውኃው ፈጥኖ ቢጸዳም ወጪው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል፤ ከቁራጩ እንደገና ለሚያቆጠቁጥ ተክል ደግሞ ዛቃ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም።

በኒው ጊኒ ደሴት፣ በሴፒክ ወንዝ ዙሪያ ግን አረሙ 250 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሸፍኖ ታንኳ መቅዘፍና ዓሣ ማጥመድ አዳጋች በሆነበት ወቅት፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ከአረሙ የትውልድ አገር የተገኘ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ነቀዝ ተለቀቀ። ጎልማሳው ነቀዝ እምቡጡን ሲበላ እጩ ግንዱን ውስጥ ለውስጥ ይቦረቡራል። በመጀመሪያ ተክሉ ናይትሮጅን ስላነሰው ነቀዙ በደንብ ሊራባ አልቻለም፤ ባለሙያዎቹም ዩሪያ ጨመሩለት። አረምን ለማጥፋት አረሙን መመገብ በእርግጥ ድፍረትም ማስተዋልም የጠየቀ ውሳኔ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው አረም ጠፋ።

ውኃው በአስቸኳይ መከፈት ካለበት ማሽኑ ይቀድማል፤ ለሰፊና መንገድ ለማይገባበት ረግረግ ግን ያለ ማመንታት ነቀዙን እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ነቀዝ የሳልቪኒያ ጠላት እንጂ የጣናው እምቦጭ ጠላት አይደለም፤ ለእምቦጭ የሚሆኑት ነቀዞች ሌሎች ናቸው።