ፕሬስትዊክ ወይስ ሴንት አንድሩስ?

በስኮትላንድ ባሕር ዳር፣ አሸዋማ መሬት ላይ ያሉ የጎልፍ ሜዳዎች ሊንክስ ይባላሉ። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ዋናው ፈተና ነፋሱ ነው። ሴንት አንድሩስና ፕሬስትዊክ ሁለቱም እንዲህ ያሉ ናቸው።

የሴንት አንድሩስን ዝና የሚቀማ የለም። እዚያ ያለው ኦልድ ኮርስ የተባለው ሜዳ 18 ጉድጓድ (ከመምቻው እስከ ኳሷ መግቢያ ያለው የሜዳ ክፍል ጉድጓድ ይባላል) የሆነው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው፤ በኋላ ዓለም ተከተለው። ሜዳው የሕዝብ ነው። እሁድ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ስለሌለ ነዋሪው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ችግሩ ወረፋው ነው፤ ብዙዎች የሚገቡት በዕጣ ነው።

ፕሬስትዊክ ግን በ1851 የተመሠረተ የግል ክለብ ነው። ኦፕን የተባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1860 የተካሄደው እዚህ ነው። ስምንት ተጫዋቾች የዚያን ጊዜውን 12 ጉድጓድ በአንድ ቀን ሦስት ዙር ተጫወቱ፤ ዊሊ ፓርክ አሸነፈ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ አጠገብ ባቡር ያልፋል። "ሂማሊያ" እና "አልፕስ" በተባሉት ጉድጓዶች ደግሞ ኮረብታው ዒላማውን ይጋርዳል። ኳሷን መትቶ "እግዜር ያውቃል" ማለት ነው! በ1925 ተመልካቹ ሜዳውን ካጨናነቀው ወዲህ ኦፕን ተመልሶ አልመጣም።

ለፎቶ ከሆነ የሴንት አንድሩሱ ስዊልከን ድልድይ ይሻላል። ለጨዋታ ግን እኔ ፕሬስትዊክን እመርጣለሁ። አንዳንዱ ጉድጓድ ፍትሐዊ ባይሆንም አይሰለችም።