ሳያናይድ ወይስ ዲኤንፒ፦ የህዋስ ትንፈሳን ለመረዳት የትኛው ምሳሌ ይሻላል?

ሁለቱም መርዞች (ዲኤንፒ ዳይናይትሮፌኖል የተባለው ኬሚካል ነው) የህዋሱን ጉልበት ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን ነው የሚያጠቁት፤ አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው።

የት ይመታሉ? ሳያናይድ ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖችን እየተቀባበለ ወደ ኦክስጅን የሚያደርሰው የኤሌክትሮን ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ያለውን ኢንዛይም ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ኤሌክትሮን ኦክስጅን ጋ መድረስ ያቅተዋል፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ዲኤንፒ ምንም አይዘጋም። ሰንሰለቱ ከሽፋኑ ወዲያ ማዶ የገፋቸውን፣ ሲመለሱ ኤቲፒ (ህዋሱ የሚጠቀምበት የጉልበት ሞለኪውል) የሚሠራውን ኢንዛይም ማዞር የነበረባቸውን ፕሮቶኖች በጓሮ በር ያሾልካቸዋል።

ኦክስጅንስ? ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። በሳያናይድ ጊዜ ደም ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ ህዋሱ ሊጠቀምበት ስለማይችል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ራሱ ደማቅ ቀይ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። በዲኤንፒ ኦክስጅኑ በገፍ ያልቃል፣ ጉልበቱ ግን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ የነበረውም ለዚሁ ነው፤ ስብ ያቃጥላል ተብሎ! ሰዎች ከውስጥ ግለው ሞቱ።

ማርከሻ? ለሳያናይድ ሃይድሮክሶኮባላሚን (አንድ የቫይታሚን ቢ12 ዓይነት) አለ። ለዲኤንፒ የለም።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ደረጃ በደረጃ ለሚያጠና ሳያናይድ ይቀላል። «ኦክስጅን እየገባ ኤቲፒ እንዴት ይጠፋል?» የሚለው ላልገባው ግን ዲኤንፒ ይሻላል፤ እኔ ራሴ ፕሮቶኖቹ ለምን እንደሚያስፈልጉ የገባኝ በእሱ ነው።