ከአጓት የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት፦ ስኳር ለሚያበዛ ሰው ምን ያህል ይረዳል?

ጣፋጭ የማብዛት ልማዴን ለመግታት ስጥር፣ ከአጓት የተሠራና ማጣፈጫ ያልገባበት የፕሮቲን ዱቄት ለ2 ወራት ተጠቅሜያለሁ። ከምግብ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲጠጣ፣ ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያልፍበትን ፍጥነት ስለሚቀንስና ኢንሱሊን እንዲመነጭ ስለሚያነሳሳ፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት እንዳያሻቅብ ያግዛል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የወደድሁት ጥጋቡ ረጅም ሰዓት መቆየቱን ነው። ሰውነት ከፕሮቲን ከሚገኘው ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ራሱን ፕሮቲኑን ለመፍጨትና ለማዋሃድ ያውለዋል፤ ለካርቦሃይድሬት የሚያስፈልገው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው። ፍሩክቶዝ (የተለመደው ስኳር ግማሽ አካል) ሲበዛ ጉበት ከፊሉን ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ በአጭር ጊዜ ሙከራዎች ፕሮቲን ሲታከል በጉበት የሚከማቸው ስብ ቀንሶ ታይቷል።

ይህ ማለት ግን ዱቄቱ የስኳርን ጉዳት ያጥባል ማለት አይደለም። 1 ግራም ፕሮቲንም እንደ ስኳር 4 ኪሎካሎሪ ስለሚይዝ፣ በጣፋጩ ምትክ ሳይሆን በላዩ ላይ የሚወስደው ሰው ትርፍ ኃይሉን ያበዛል፤ ትርፉም በስብ መልክ ይከማቻል። በቀዝቃዛ ውሃ መጓጎሉ፣ ጣዕሙም ደረቅ መሆኑ ያስቸግራል። በጣፋጭ መክሰስ ፈንታ ለሚጠጣው ሰው ከልብ እመክረዋለሁ፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።