ልጆቼን ቦል ሩም ዳንስ ላስወደደችልኝ አስተማሪ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። ልጆቼን ቦል ሩም ዳንስ (እንደ ዋልዝ ያለ፣ ጥንድ ሆነው የሚደንሱት) የምታስተምረውን ሴት በሰው ፊት ላመሰግናት እፈልጋለሁ። ወንዱ 16 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 14። ሁለቱም ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነስተው ወደ እሷ ለመሄድ ይጣደፋሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያላችሁ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

መነሻው የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ልጆቼ ሚዜ ሆኑ። ሙሽሮቹ ሚዜዎቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዋልዝ እንዲደንሱ ፈለጉና ይህችን አስተማሪ ቀጠሩ። ወንዱ ልጄ «የሽማግሌ ዳንስ ነው፣ አልሄድም» ብሎ ነበር። ሠርጉ አለፈ፣ መልሱም አለፈ፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ ትምህርቱን አልተወም።

እንዴት እንደያዘቻቸው ቁጭ ብዬ ስላየሁ ልንገራችሁ። እርምጃ ከማስቆጠሯ በፊት ታሪክ ትነግራቸዋለች። ያውም ልጅ ጆሮ የሚገባ ታሪክ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያ ቀን ወለሉ ላይ አስቀምጣቸው፣ በ1816 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ስለ ዋልዝ ምን ብሎ እንደጻፈ ነገረቻቸው። ዋልዝ በንጉሣውያን ግብዣ ላይ ተደንሶ ነበር። ጋዜጣው ወንድና ሴት እንዲያ ተቃቅፈው መዞራቸው ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። ወላጆችም ሴት ልጆቻቸውን ከዚህ ዳንስ እንዲጠብቁ አስጠነቀቀ። ልጄ ማታ ወሬውን ይዞልኝ መጣ። «ማሚ፣ ያኔ እኮ ወላጆች ዋልዝን የሚጠሉት እናንተ ቲክቶክን በምትጠሉት ልክ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ «የሽማግሌ ዳንስ» የሚል ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

እሷ ዘንድ እያንዳንዱ ዳንስ ከነባለቤቱ ነው የሚመጣው። ፎክስትሮትን በ1914 አካባቢ ያስፋፉት ቬርነንና አይሪን ካስል የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው ትላቸዋለች። ቀጥላ፣ ሙዚቃውን ማን ይመራላቸው ነበር ብላ ትጠይቃለች። ጄምስ ሪስ ዩሮፕ ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ የባንድ መሪ። ያደገው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የ369ኛውን ሬጅመንት ባንድ ይዞ ፈረንሳይ ዘምቷል። የተቀበረው አርሊንግተን በሚባለው የወታደሮች መቃብር ነው። ልጆቹ መቃብሩን እንይ ብለው ራሳቸው ጠየቁ፣ አባታቸውም ወሰዳቸው።

ስለ ሳቮይ የነገረቻቸው ደግሞ ሴቷ ልጄን ነው የማረካት። ሳቮይ በ1926 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ የተከፈተ የዳንስ አዳራሽ ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ በዘር በተከፋፈለበት ዘመን፣ እዚያ ጥቁርና ነጭ አንድ ወለል ላይ ይደንስ ነበር። ሊንዲ ሆፕ የሚባለው ፈጣን የስዊንግ ሙዚቃ ዳንስ ያደገው እዚያ ነው። ከደናሾቹ አንዱ ፍራንኪ ማኒንግ፣ በ1935 በውድድር ላይ የዳንስ ጓደኛውን በጀርባው አሳልፎ አየር ላይ በማሽከርከሩ ይታወቃል። የስዊንግ ዘመን ሲያልፍ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በ1980ዎቹ ወጣት ደናሾች ፈልገው አገኙትና፣ 94 ዓመቱ ላይ በ2009 እስኪያርፍ ድረስ ዓለምን እየዞረ አስተማረ። ልጄ የዚህን ሰው ቪዲዮ ፈልጋ ለሁላችንም አሳየችን።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ግን ግሌን ኤኮ የሚባለው ፓርክ ስለወሰደቻቸው ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን እዚያ ያሉት የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ላይ ለማሽከርከር ወስደናቸዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ከዚህ በመኪና ቅርብ ነው። እዚያ ስፓኒሽ ቦል ሩም የሚባል በ1933 የተሠራ አዳራሽ አለ። ዛሬም በሳምንት በተለያዩ ቀናት ለሕዝብ የዳንስ ዝግጅት አለው። ብዙ ጊዜ ከዳንሱ በፊት ለጀማሪ አጭር ትምህርት ይሰጣል። ማንም ትኬት ቆርጦ ይገባል።

አስተማሪዋ ልጆቹን አዳራሹ ከማስገባቷ በፊት የሚሽከረከሩት ፈረሶች አጠገብ አቆመቻቸው። እስከ 1961 ድረስ እዚህ ፓርክ ጥቁር ሰው አይገባም ነበር አለቻቸው። ፈረሶቹም ላይ፣ አዳራሹም ውስጥ። በ1960 ጁን 30 ቀን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር መጥተው እነዚህ ፈረሶች ላይ ተቀመጡ። ውረዱ ሲባሉ አንወርድም አሉ። አምስቱ ታሰሩ። በጋውን ሙሉ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፣ ባኖክበርን የሚባለው የቅርቡ ሰፈር ነዋሪዎችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። የታሰሩትን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 አይቶ ቅጣቱን ሻረው።

ሃዋርድ ማለት እኮ እኛ ክትፎ የምንበላበት ዩ ስትሪት አጠገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። የታሰሩት ልጆች ከእኔ ልጅ ብዙ አይበልጡም ነበር። ልጄ ያን ቀን አዳራሹ ሲገባ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አወለቀ። ማንም አላዘዘውም። ከዚያ ቀን ወዲህ እርምጃ ሲሳሳት አያላግጥም፣ መልሶ ይሞክራል።

ቻ ቻ ቻ የሚባለው ዳንስ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቤታችን ድረስ ነው የገባችው። የኩባው ቫዮሊን ተጫዋች ኤንሪኬ ሆሪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃቫና ውስጥ የደናሾቹን እግር አይቶ፣ ከሚያስቸግራቸው ምት ይልቅ ቀለል ያለ እንደጻፈላቸው ነገረቻቸው። ከዚያ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ያስቀረጸውን፣ የላቲን ምትና የኛ ቅኝት የተዋሐዱበትን ሙዚቃ ከፈተችላቸው። ልጄ ይህን ሰምቶ አዲስ አበባ ለአባቴ ደወለ። አባቴ ያን ጊዜ ወጣት ነበር፣ ራስ ሆቴል ባንድ ሲጫወት የሚደነስበት ዘመን። በቪዲዮ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቻ ቻ ቻ አሳየው! አያትና ልጅ ከሰላምታ አልፈው እንዲህ ረጅም ሲያወሩ እኔ አይቼ አላውቅም።

ሌላ የወደድኩላት፣ ልጆቹ የሚያውቁትን አትጥልም። እስክስታ የሚችል ልጅ ትከሻውን ማዘዝ ያውቃል ትላለች። ዋልዝ ላይ ደግሞ ያንኑ ትከሻ ዝም አሰኝቶ መያዝ ነው የሚፈለገው። ብሬኪንግ (ብሬክ ዳንስ) የሚወድ ልጅ ቢመጣም፣ ብሬኪንግን በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ያስገባው ፌዴሬሽን ዋልዝና ታንጎ የሚያወዳድረው እንደሆነ ትነግረዋለች።

መቼም የኛ ሰው «ጎረምሳና ኮረዳ ተቃቅፈው?» ማለቱ አይቀርም። እኔንም አሳስቦኝ ነበር። በሯ ክፍት ነው፣ ወላጅ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። መጀመሪያ ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚማሩት፣ እጅ መያያዝ ቆይቶ ይመጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ጓደኛ ይቀይራል፣ ስለዚህ ማንም ከማንም ጋር ተጣብቆ አይውልም። ወንዶቹም ሴቶቹም መምራትንም መከተልንም ይማራሉ። እንዴት በትህትና «እንደንስ?» እንደሚባል፣ እንዴት በትህትና «ይቅርታ፣ አሁን አልችልም» እንደሚባልም ታስተምራለች። ይህ ለሴት ልጄ ከዳንሱ በላይ ጠቅሟታል ብዬ አምናለሁ።

ልጃችሁን በፍጥነት ለውድድር ማድረስ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ እሷ አትሆናችሁም። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ክፍያዋ ተመጣጣኝ ነው፣ ለወንድምና እህት ትቀንሳለች። መጀመሪያ ላይ ልዩ ጫማ መግዛት አያስፈልግም። ስኒከር ግን ወለሉን እየያዘ ጉልበት ስለሚጠመዝዝ፣ ሶሉ ልሙጥ የሆነ ጫማ አድርጉላቸው። ፓርኪንግ አስቸጋሪ ነው፣ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

አስተማሪዋ እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ለልጆቼ ስላደረግሽው ሁሉ እግዚአብሔር ብድርሽን ይክፈልልኝ።

አዲሱ ዙር ሴፕቴምበር ላይ ይጀምራል፣ የምትቀበለው ጥቂት ልጅ ነው። ስልኳን እዚህ ላይ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃታለሁና እልክላችኋለሁ።