50 ሚሊ ሜትር ከፍታና 265/70 አር 17 ጎማ፦ ሃይሉክስ ላይ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

መኪናው ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ያለው ባለ ድርብ ጋቢና ሃይሉክስ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል የፊት ሞላው፣ የኋላ ባሌስትራው እና አራቱም ሾክ አብዞርበሮች (የሞላውን መዝለል የሚገቱት) ተቀይረዋል። ጎማው ደግሞ ከ265/65 አር 17 የአስፋልት ጎማ ወደ 265/70 አር 17 ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን) ተሸጋግሯል። ከወራት የጠጠር፣ የድንጋይና የጭቃ መንገድ በኋላ ገንዘቡን የመለሱት ሾኩና ጎማው ናቸው። ከፍታው የሚወራለትን ያህል አይደለም።

ሰስፔንሽን (ሞላው፣ ባሌስትራውና ሾኩ) የሚያነሳው ሻንሲውንና ከሱ በላይ ያለውን ነው። የኋላ ዲፍረንሻል ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው አክስል ጋር ስለሆነ ሞላም ባሌስትራም ቢቀየር ከመሬት ያለው ርቀት ያው ነው፤ እሱን ከፍ የሚያደርገው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። የቀድሞው ጎማ ዲያሜትር 776 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአዲሱ 803 ነው። ስለዚህ ዲፍረንሻሉ ያገኘው የልዩነቱን ግማሽ፣ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ስለታየ ብቻ በድንጋይ ላይ መሃል ለመሃል መሄድ አያዋጣም።

ለከፍታው የሚከፈል ዋጋም አለ። ፊቱ ሲነሳ የሲቪ ጆይንቱ (ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መተጣጠፊያ) ማዕዘን ይጨምራል፣ መሸፈኛ ጎማውም ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከ50 ሚሊ ሜትር አለማለፍ ይሻላል። ካስተር (መሪ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን) ስለሚቀንስ መሪው በፍጥነት መንገድ ላይ ይዋልላል። አላይመንት (የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከል) የግድ ነው፤ ከማሠራት በፊት ግን የታችኛው ክንድ ማስተካከያ ብሎኖች ዝገው እንዳልተጣበቁ ይታይ። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የኋላ ፍሬን ኃይል በጭነት መጠን የሚያስተካክለውን ቫልቭ ነው። ቫልቩ ያለበት መኪና ኋላው ሲነሳ ባዶ የሆነ ስለሚመስለው ለኋላ ጎማ የሚያደርሰውን የፍሬን ግፊት ይቀንሳል። የቫልቩ ማሰሪያ በተነሳው ልክ መስተካከል አለበት። የፍሬን ቱቦና የኤ ቢ ኤስ ሽቦም ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ በዚያው ይፈተሹ።

ገጠማው ላይ አንድ ነገር ሥራውን ሁሉ ያበላሻል፦ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ የክንዶቹን ብሎን አጥብቆ መጨረስ። የክንዱ ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) በዚያ አቋም ይያዝና መኪናው መሬት ሲነካ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ከዚያ መቀደዱ አይቀርም። ብሎኖቹ ለስለስ ተደርገው ይታሰሩና የመጨረሻው ማጥበቂያ መኪናው በራሱ ክብደት በጎማው ሲቆም ይሁን። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አዲስ ይሁኑ፣ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜም የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ ዳግም ይጠበቁ። ሲላሉ አክስሉ ይንሸራተታል፣ የባሌስትራው መሃል ብሎንም ይቆረጣል።

የሞላና የባሌስትራ ምርጫ በሁልጊዜ ጭነት ይወሰን። ለ300 ኪሎ ቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ የትኛውም ሾክ ይህን አያስተካክልም።

አሁን ወደ ሾኩ። እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ ጠጠር መንገድ ላይ ሾክ ያለማቋረጥ ስለሚሠራ ይግላል። ውስጡ ያለው ዘይት ከጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ሲሆን መቆጣጠር ያቆማል፤ ኋላው በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን መሄድ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ዘይትና ጋዙ በፒስተን የተለዩበት ሞኖቲዩብ (ባለ አንድ ቱቦ) ሾክ አረፋ አይሠራም፣ ሙቀቱንም ቶሎ ያወጣል። ድክመቱ የውጭው ቱቦ ራሱ የፒስተኑ መሄጃ መሆኑ ነው፦ ድንጋይ ካጎደጎደው ፒስተኑ ይያዛል። ድርብ ቱቦ ያለው ይህን ይችላል፣ ግን ቶሎ ይግላል። ለረጅም ጠጠር ሞኖቲዩብ፣ ለዝግተኛ ድንጋያማ ቦታ ወፍራም ድርብ ቱቦ እመርጣለሁ። ሾክ መሥራቱን ለማወቅ ከረጅም ጠጠር በኋላ ወዲያው እጅን ማስጠጋት በቂ ነው (መንካት ሊያቃጥል ይችላል)፦ ከሌሎቹ ተለይቶ የቀዘቀዘው አይሠራም። ዘንጉ ሥር ስስ አቧራማ እርጥበት ችግር የለውም፤ ዘይት ወደ ታች ከወረደ ግን ዘይቱን የሚይዘው ሲል (ማሸጊያ ጎማ) ሄዷል።

ጎማው ከባድ ነው። መነሻው ላይ ይሰማል፣ ነዳጅም ይጨምራል። ሆኖም ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 3.3 በመቶ ያህል አሳንሶ ስለሚቆጥር ፍጆታው ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ይታያል። ጎኑ መጠንከሩ ሹል ድንጋይ ላይ ዋጋው ይገባዋል፣ አስፋልት ላይ ግን ያጉረመርማል። ጥርሱ እኩል እንዲያልቅ በየ10,000 ኪሎ ሜትር ቦታ ይቀያየር፤ ጥርሱ ውስጥ የተሰነቀሩ ጠጠሮችም ወደ ውስጥ ሳይቦረቡሩ ይውጡ።

ጠንካራውን ጎማ ለአስፋልት በሚሞላው የነፋስ መጠን ጠጠር ላይ መንዳት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ 36 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ከነበረ ለጠጠር 26 እስከ 28፣ ለለስላሳ አሸዋ 16 አካባቢ ይበቃል። ነፋሱ ሲወርድ ፍጥነትም ይውረድ፤ ካልሆነ የጎማው ጎን ግሎ ይበላሻል። ከተነዳ በኋላ ንባቡ ከ6 ፒ ኤስ አይ በላይ ከጨመረ ለዚያ ጭነትና ፍጥነት ነፋሱ አንሷል ማለት ነው።

አምስተኛው ጎማም ያው መጠን ይሁን። ፎር ዊል ታስሮ ሲነዳ የተለያየ ዲያሜትር ያላቸው ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ከዋሉ ማርሹና ዘንጉ ላይ ጫና ይጠራቀማል። ከመግዛት በፊትም ከጭነቱ ሥር ያለው የትርፍ ጎማ ቦታ አዲሱን መጠን መያዙ ተለክቶ ይታይ።