የዳቦ ማሽን ለውጭ አገር ኑሮ፦ ርካሹ አዲስ ወይስ ያገለገለው ደህና?

«የትኛውን የዳቦ ማሽን ልግዛ?» የሚል መልእክት ውጭ ከሚኖሩ ወዳጆቼ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ወር የለም። ከጥያቄው ጋር ብዙ ጊዜ የአንድ ርካሽ ማሽን ፎቶ ይመጣል፤ ሃያ ምናምን ፕሮግራም ያለው፣ የሚያብለጨልጭ፣ የድሮ ዋጋው በቀይ የተሰረዘ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ጽፌው ልገላገል፦ ያንን ተዉትና በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ፓናሶኒክ ፈልጉ። አቅም ካላችሁ አዲሱን ግዙ። ዞጂሩሺ የተባለውን ውድ የጃፓን ኩባንያ ማሽን የምመክረው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከዋጋው ልጀምር። ሁላችንም በአንድ ገንዘብ ስለማንገበያይ በእጥፍ ላስላው። የዚያን ርካሽ፣ ስም የለሽ አዲስ ማሽን ዋጋ 1 ብንለው፣ አዲስ ፓናሶኒክ ከ2 ተኩል እስከ 3 ገደማ ይደርሳል፤ ዞጂሩሺ 4ን አልፎ ይሄዳል። ያገለገለ ፓናሶኒክ ግን 1ም ላይሞላ ይችላል። ለምን ቢባል፣ የዳቦ ማሽን ሰው በስሜት ገዝቶ ወይ በስጦታ አግኝቶ፣ አንድ ሰሞን ከሠራበት በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከተው ዕቃ ነው። ቤት ሲቀይር ወይ ቦታ ሲጠበው ማስታወቂያ ያወጣበታል። የቸገረው ቦታ እንጂ ገንዘብ ስላልሆነ ዋጋ ላይ ብዙም አይከራከርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አይታችሁ አትሩጡ፤ ትንሽ ከታገሣችሁ የተሻለ ይመጣል።

ሰው ማሽን ሲመርጥ ፕሮግራም ይቆጥራል። ከሃያው ውስጥ የምትጠቀሙበት ሦስት ቢሆን ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የዚህ ማሽን ድስት፣ ማለትም ሊጡ የሚቦካበትና የሚጋገርበት ዕቃ፣ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ምክንያቱም ከሞተሩም ከማሞቂያውም በፊት የሚሞተው ድስቱ ነው። ከድስቱ ሥር ሊጡን የምታቦካውን ማማሰያ የሚያዞር አጭር ዘንግ አለ፤ በኩሽኔታና በትንሽ ጎሚኒ የተያዘ። ሊጥ በተቦካ ቁጥር ጎሚኒው ይበላል፤ ውሃ ሾልኮ ኩሽኔታው ጋ ይደርስና ያዝገዋል። መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ቀጥሎ ድስቱን ስታነሡ ከሥሩ ቡናማ ጠብታ ታያላችሁ። ያን ቸል ካላችሁ ውሃው እየወረደ ቤቱ የተቃጠለ ሊጥ መሽተት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ዘንጉ ይነክስና ሞተሩ ከነቺንጋው ይታገላል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ የሚለያዩት። ፓናሶኒክ ድስቱንም ማማሰያዋንም ለየብቻ ይሸጣል፤ ከገበያ ለወጡ ብዙ ሞዴሎችም ይገኛል። ዋናው ድስት ርካሽ አይደለም፤ የአዲሱን ማሽን ሩብ፣ አንዳንዴም ሲሶ ያህል ያስወጣል። ቢሆንም ድስቱ ሲቀየር የቆየው ማሽን እንደገና ለዓመታት ይሠራል። ስም የለሹ ማሽን ግን ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ በተለያየ ስም የሚሸጥ ነው። ተለጣፊው ይቀየራል እንጂ ዕቃው ያው ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ስሙ ራሱ ከገበያ ይጠፋል። ድስቱን በምን ስም ትፈልጉታላችሁ?

አንዲት ጓደኛዬ የደረሰባት ይኸው ነው። ዓመት ሳይሞላ ድስቱ ማፍሰስ ጀመረ። ዋስትናው ገና አላለቀምና ለሻጩ ጻፈች። «ዋስትናው ለማሽኑ ነው፣ ድስቱ አላቂ ዕቃ ነው» አሏት። እሺ ድስቱን ሽጡልኝ ብትል ለብቻው አንሸጥም። ሞተሩ ደህና፣ ማሞቂያው ደህና፣ ማሽኑ ግን ለቆሻሻ ተዳረገ። በዚያው ዋጋ ሌላ ርካሽ ገዛች። ሁለቱን ደምሩና ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር አስተያዩት፤ ከአዲስ ፓናሶኒክ የቀራት ትንሽ ነበር።

መለዋወጫ ስትገዙም ኮፒ አለ፤ ተጠንቀቁ። «ለፓናሶኒክ የሚሆን» ተብሎ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ማማሰያ አንድ ጊዜ እጄ ገብቶ ነበር። ከዋናው ጋር በሁለት እጄ ይዤ ሳስተያየው ክብደቱ ቀለል ይላል፤ ጠርዙ ላይ ጣት ሲሄድ የሞረድ ያህል ይሻክራል፤ ቀዳዳው ከዘንጉ ጥቂት ስለሚሰፋ ሲገጠም ግራ ቀኝ ይላል። መወዛወዙ ትንሽ ቢመስልም ማማሰያዋ በዞረች ቁጥር የድስቱን ቅብ ትፍቃለች፤ በክፍተቱ የገባው ሊጥም ይጋገርና ዘንጉ ላይ ያጣብቃታል። በርካሽ ማማሰያ ውድ ድስት ማበላሸት ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሞዴሉን ቁጥር ከማሽኑ ጀርባ ወይ ሥር አንብቡ፤ ከዚያ የመለዋወጫውን ቁጥር መመሪያው ላይ ፈልጋችሁ በዚያ እዘዙ። ሻጩ ቁጥሩን ካልጻፈ እለፉት።

ያገለገለ ስታዩ የማሽኑ ውጪ ቢቧጨርም ግድ የለም። ድስቱን አስወጥታችሁ ገልብጡትና ከሥሩ ያለችውን ክንፋም ማዞሪያ በጣት አዙሯት። ሳትንገጫገጭና ሳትወላወል መዞር አለባት። ዙሪያዋ ዝገት ካለ ወይም የደረቀ ቡናማ ቀለበት ካያችሁ ድስቱ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው፤ ዋጋው ላይ የአዲስ ድስት ዋጋ ቀንሱ። ጊዜ ካለ ውሃ ጨምራችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና እያወራችሁ ቆዩ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ታውቃላችሁ። ውስጡን በመብራት እዩ፤ ቅቡ በትልልቁ ከተላጠ ዳቦው ይይዛል። ማሞቂያውን ለመፈተን «መጋገር ብቻ» የሚለውን ፕሮግራም አስጀምሩ።

ፓናሶኒክ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። መደበኛውን የዳቦ ፕሮግራም ስታስጀምሩት ወዲያው አያቦካም። ውሃውና ዱቄቱ ሙቀታቸው እስኪመጣጠን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት ዝም ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ያዝናል። ተበላሽቷል ተብሎ በርካሽ የወጣ ማሽን ካጋጠማችሁ በትሕትና «ምን ያህል ጠበቃችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው የምወድለት ነገር የእርሾ ማስቀመጫው ነው። ክዳኑ ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን እርሾውን ለብቻው ይዛ በሰዓቱ ትጥለዋለች። ማታ አዘጋጅቶ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ለሚፈልግ ሰው ይህ ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል፤ እርሾው ሌሊቱን ውሃ ነክቶት ቀድሞ አይነሣማ። ሁሉም ሞዴል ይህ የለውም፤ ስትገዙ አረጋግጡ።

ዞጂሩሺ ቨርቹዎሶ የተባለው ሞዴል በሥራው ጥራት አይታማም። ድስቱ ረጅምና ጋደም ያለ ነው፤ በሁለት ማማሰያ ያቦካል፤ ክዳኑ ላይም ማሞቂያ ስላለው የዳቦው አናት ደህና አድርጎ ይቀላል። የፓናሶኒክ ዳቦ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ አናቱ ከጎኑ ይልቅ ገርጣ ይላል። ለልጆች በየቀኑ ሳንድዊች የሚያዘጋጅ ብዙ ቤተሰብ ያለው፣ ገንዘቡም የማያስጨንቀው ሰው ዞጂሩሺን ቢገዛ አልከራከረውም። ግን ሁለት ማማሰያ ማለት ሁለት ዘንግ፣ ሁለት ጎሚኒ፣ ዳቦው ሥር ሁለት ቀዳዳ ነው። የእርሾ ሣጥንም የለውም፤ እርሾው ከላይ ዱቄቱ ላይ ይቀመጣል። ለአንድና ለሁለት ሰው ያን ሁሉ ዋጋ መክፈል አይታየኝም።

በእርግጥ ያተርፋል ወይ? በምትበሉት ዳቦ ይወሰናል። ከገበያው ሁሉ ርካሽ የሆነውን የተቆረጠ ነጭ ዳቦ የምትበሉ ከሆነ ማሽን አያተርፋችሁም፤ ፋብሪካን በዋጋ አታሸንፉም። ከዳቦ ቤት ደህና ዳቦ፣ በተለይም ከነፉርሽካው የተፈጨ ዱቄት ያለበትን የምትገዙ ከሆነ ግን ልዩነቱ ቶሎ ይታያል። ስታወዳድሩ በፍሬ ሳይሆን በኪሎ አወዳድሩ፤ ከ500 ግራም ዱቄት ከ700 ግራም የሚበልጥ ዳቦ ይወጣል። መብራቱ አያሳስብም፤ አንድ ዳቦ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይፈጅም። ኦቨን ግን ገና ሲሞቅ ያንን ሊጨርስ ይችላል።

ገንዘብ የሚያልቀው እርሾ ላይ ነው። 7 ግራሟን ትንሽ ፓኬት እየገዛችሁ በየዳቦው አንዳንድ ከቀደዳችሁ ትከስራላችሁ። 500 ግራም የሚይዘውን አየር የተመጠጠበት እሽግ ደረቅ ፈጣን እርሾ ግዙ፤ በግራም ሲሰላ እጅግ ይረክሳል። ከተከፈተ በኋላ በደንብ በሚከደን ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ለ500 ግራም ዱቄት 5 ግራም ገደማ ስለሚበቃ አንዱ እሽግ ወደ 100 ዳቦ ያወጣል።

ዱቄቱ በየአገሩ ስሙ ስለሚለያይ ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገዛና ማሽኑን ያማል። ጀርመን የምትኖሩ እሽጉ ላይ 405 የሚለውን ለኬክ ተዉትና 550 የሚለውን ውሰዱ፤ ፈረንሳይ ያላችሁ ቲ65 ፈልጉ፤ እንግሊዝ «ስትሮንግ»፣ አሜሪካ «ብሬድ ፍላወር» የተባለውን። ሌላ አገር ከሆናችሁ ስሙን ትታችሁ እሽጉ ላይ ፕሮቲኑን እዩ፤ ከ100 ግራም 12 አካባቢና ከዚያ በላይ ከሆነ ነጩ ዳቦ ኩፍ ይላል። አሜሪካ ቁጥሩ በ30 ግራም ስለሚጻፍና ስለሚጠጋጋ 4 የሚለውን ምረጡ። በስኒ አትለኩ፤ የአሜሪካ መለኪያ ስኒ ወደ 240፣ የጃፓኑ 200፣ የአውስትራሊያው 250 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይህን ሁሉ ጣጣ ይገላግላል። ለ500 ግራም ነጭ ዱቄት 320 ግራም ያህል ውሃና 9 ግራም ጨው ጥሩ መነሻ ነው።

ኦቨን እያለኝ ማሽን ለምን ለምትሉ፣ እጃችሁ ማቡካት ከለመደና ጊዜ ካላችሁ አትግዙ። የኦቨን ዳቦ ቅርፊቱ ከማሽን የተሻለ ነው። ማሽኑ የሚገዛው ጊዜ ለመቆጠብ ነው።

የመጨረሻው ነገር ቮልቴጅ ነው፤ በተለይ አገር ለምትቀያይሩ። የአሜሪካና የካናዳ ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) የተሠራ ነው፤ አውሮፓ 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከ500 እስከ 700 ዋት ለሚወስድ ማሽን ቢያንስ 1000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ራሱ ከማሽኑ ሊከብድ ይችላል። ያም ሆኖ ኸርዙን አይቀይርም፤ በ50 ኸርዝ ብዙው ሞተር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሊጡም በደንብ አይቦካም። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ቀላል መቀየሪያዎች ደግሞ የማሽኑን ቦርድ ያቃጥላሉ። ማሽኑን ይዛችሁ አትጓዙ፤ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ሽጡትና የምትደርሱበት ያገለገለ ግዙ። ስትሸጡ ግን ማማሰያዋን ፈልጉ፤ ከመጨረሻው ዳቦ ጋር ወጥታ መሳቢያ ውስጥ የቀረች ከሆነ የሚገዛው ሰው ከዋጋው ላይ ይቀንስባችኋል፤ መቀነስም አለበት።