የመርከብ ናፍጣ ፊልትሮ ገላን ላይ፦ ከ11 ወር በኋላ

ፓርከር ራኮር 500 ለጀልባና ለመርከብ ሞተር የሚገጠም፣ ውሃን ከናፍጣ የሚለይ ፊልትሮ ነው። ገላን በሚገኝ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ ባለ 40 ኬቪኤ ጄኔሬተር ላይ ከኅዳር እስከ ጥቅምት 640 ሰዓት ሠርቷል። ውሃ በመያዝ በኩል ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም፤ ጥቅሙን የሚወስነው ግን አገጣጠሙ ነው።

በሰዓት 227 ሊትር ያሳልፋል። ጄኔሬተሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢያቃጥልም፣ ፖምፓው ከሚቃጠለው በላይ ስቦ ትርፉን ወደ ታንከር ስለሚመልስ ልኩ የሚመረጠው በሚሳበው መጠን ነው። ለመርከብ የሚሸጠው ዓይነት ውሃው ከሚጠራቀምበት ከታችኛው የፕላስቲክ ብርጭቆ ሥር የብረት መከላከያ አለው፤ እሳት ቢነሳ ፕላስቲኩ ቀልጦ ናፍጣ እንዳይለቅ ነው። ጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ ከሆነ ይህንኛውን ይግዙ።

በበጋ ከብርጭቆው የሚወጣው ውሃ ከአንድ ማንኪያ አይበልጥም። ክረምት ላይ ግን በየሳምንቱ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ወጥቷል፤ ከሥር ጥርት ያለ ውሃ፣ በላዩ ቀጭን ጥቁር አተላ፣ ከዚያ ናፍጣው። አተላው ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት የሚራባ ተሕዋስ ነው። የውሃው ምንጭ ናፍጣው የሚቀመጥበት በርሜል ነበር። ደጅ የቆመ በርሜል አናቱ ላይ ዝናብ ያቁራል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በክዳኑ ክር በኩል ይስበዋል። በርሜሉን አጋድሞ፣ ሁለቱን ክዳኖች ጎን ለጎን በአንድ ከፍታ ማድረግ ይህን ያስቀራል።

መርከብን ማዕበል ይንጠዋል፤ እዚህ ታንከሩን የሚንጠው በርሜል ገልብጦ መሙላት ነው። ከሞሉ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይቆዩ ማስነሳት የታንከሩን ዝቃጭ በሙሉ ወደ ፊልትሮው መላክ ነው።

ዋናው ችግር ከፍታው ነው። ፊልትሮው ከፖምፓው በፊት ስለሚቀመጥ ናፍጣው የሚመጣው በመሳብ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋውም የአየር ግፊት ነው። በባህር ጠለል ግፊቱ 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ገላን ወደ 23 ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ፊልትሮው ጥቂት ሲዘጋም ሞተሩን ቶሎ ናፍጣ ያጥረዋል። መጀመሪያ ከታንከሩ በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጭነት ሲበዛ የሞተሩ ድምፅ ይዋዥቅ ጀመር። ከታንከሩ ወለል ዝቅ ተደርጎ ሲገጠም ጠፋ። የክዳኑ እጀታ ላይ የሚታሰረውን፣ የመሳቡን ኃይል የሚለካውን የቫኩም ጌጅ አብረው ይግዙ፤ ፊልትሮው ንጹሕ ሲሆን 1 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል፣ እኛ 5 ሲደርስ እንቀይራለን።

ውስጡ ያለው የሚያጣራው ወረቀት በቀለም ይለያል (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ደቃቅ ቆሻሻ ይይዛል)፦ ቡናማው 2 ማይክሮን፣ ሰማያዊው 10፣ ቀዩ 30። ቡናማው በሐምሌ ናፍጣ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ሞተሩ የራሱ ፊልትሮ ስላለው ሰማያዊው ይበቃል።

ሲቀየር የታንከሩን ቫልቭ ዘግቶ ብርጭቆውን ማፍሰስ፣ እጀታውን ፈትቶ ክዳኑን ማንሳት፣ ወረቀቱን እያዞሩ መሳብ ነው። አብሮ የሚመጣውን የክዳኑን ጎማና የእጀታውን ትንሽ ቀለበት ሁለቱንም ይቀይሩ፣ ናፍጣ ያስነኳቸው። የፊልትሮውን ቤት በንጹሕ ናፍጣ እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን በእጅ ብቻ ማጥበቅ። ቁልፍ አያስፈልግም። ትንሿን ቀለበት መርሳት ብዙ ያስቸግራል፤ በመሳቢያው በኩል ያለ ቀዳዳ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ተነስቶ ከደቂቃ በኋላ ይጠፋል፣ ውጩ ግን ደረቅ ነው።

ዚንክ የተለበጠ (ጋልቫናይዝድ) የውሃ ቧንቧ አይጠቀሙ፤ ዚንኩ ከናፍጣ ጋር ተዋህዶ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ክፍል) የሚዘጋ ቅሪት ይፈጥራል። የቴፍሎን ጥቅል ብጣሽም እስከ ፖምፓው ይደርሳል። በነዳጅ የማይበላ ማሸጊያ ቅባትና በደንብ የጠበቀ ፋሸታ ይሻላል።

ወረቀት ሲገዙ ሱቁ ውስጥ አውጥተው ጫፉን ያዙት። ከአንድ ሱቅ የተገዛ ተመሳሳይ ወረቀት ቀለሙም ቁጥሩም ትክክል ነበር፤ በ40 ሰዓት ሙጫው ለቅቆ ጫፉ ተገነጠለ፣ ጌጁም ከ1 ሳይነቃነቅ ናፍጣው ሳይጣራ አለፈ።